የሙጫው ከዘራ

ፊልሙ አልቆ መብራቱ ሲበራ ሦስት ሰዎች አጨበጨቡ፤ አራተኛው ዝም አለ። በመጨረሻው ረድፍ፣ ምሰሶው አጠገብ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ተቀምጧል። ከጎኑ የነበረው የድሮ የኳስ ቡድኑ አምበል፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ቅጥፈት በእንቅልፍ ልታልፈው ነው?» ብሎ ትከሻውን ነካ አደረገው። ሽማግሌው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ዘመመ። ከዘራው ወለሉ ላይ ወደቀ። አምበሉ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ አነሳው። በኋላ ካስጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ይሄው ሆነ።

መርማሪዋ የተጠራችው ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ በሰቀለችበት ሰዓት ነው። በዚያ ሳምንት ያየችው ሬሳ በቅቷት ነበር። ስልኩን ሰምታ ዘጋች። «እሺ» አለች፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይኖር፤ ጫማዋን መልሳ አጥልቃ ወጣች።

የፊልም ድርጅቱ አዳራሽ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ምንጣፉ እርጥበት እርጥበት ይሸታል፤ የወንበሮቹ ቆዳ መቀመጫው ላይ ተሰነጣጥቆ ስፖንጁ ወጥቷል። ሐኪሙ ሬሳው ላይ አጎንብሶ ጠበቃት።

«ልቡ ነው ብዬ ልፈርም ነበር» አላት። «የከንፈሩን ውስጥ ሳይ ተውኩት። በጥርሱ ተሰንጥቋል። ጥርሱ መሃል ደግሞ ክር አለ፤ ከራሱ የአንገት ልብስ።»

«ታፍኗል ማለት ነው።»

«ታፍኗል። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ከኋላ ወይም ከጎን ሆኖ መያዝ ብቻ ነው።»

«መቼ?»

«ፊልሙን ሲያዩ። ከዚያ በላይ አጥብበሽ አትጠይቂኝ።»

መርማሪዋ ዙሪያውን አየች። መግቢያው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከፊት በስክሪኑ ሥር። ከኋላ የማሽን ክፍሉ መስታወት አለ፤ በሩ ግን በሌላ ኮሪደር በኩል ነው። እንግዲህ ገዳዩ አብሮ ፊልም ሲያይ የነበረ ሰው ነው። ይሄ ሥራ ያቃልላል ብላ ለማሰብ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ዳይሬክተሩን ነው። ወጣት ነው፤ እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ የወንበሩን ስፖንጅ ይጎለጉላል።

«ፊልሙ ከአርባ ዓመት በፊት ስለተካሄደ የዋንጫ ፍጻሜ ነው» አለ። «ጋሽ ሙጫው የአሸናፊው ቡድን በረኛ ነበሩ። ኳስ እጃቸው ከገባች አትወጣም ነበር አሉ፤ ሙጫው የተባሉትም ለዚያ ነው። የታሪክ አማካሪዬ እሳቸው ናቸው። ሙሉውን ፊልም ያዩት ግን ዛሬ ገና ነው። 'ስህተት ባዩ ቁጥር በከዘራዎት ወለሉን ይምቱልኝ' አልኳቸው። ካወሩማ ፊልሙን ማን ያየዋል?»

«መቱ?»

«መቱ ብቻ! ልቤን ነው የመቱት። ስልኬን ከፊት ወንበር ላይ አድርጌ እየቀዳሁ ነበር፤ በኋላ ከፊልሙ ጋር አመሳክሬ የት የት እንደመቱ ላይ።»

«የተጣሉት ሰው ነበር?»

ዳይሬክተሩ ስፖንጁን መጎልጎል ተወ። «ጥል እንኳ አይባልም። ጋሽ አምበል በዚያ ጨዋታ ግንባራቸው ተፈንክቶ፣ ደሙ በፋሻው ላይ እየፈሰሰ ጨዋታውን ጨረሱ ይባላል። ፊልሙም እንደዚያ ያሳያል። ጋሽ ሙጫው ደግሞ 'ጭረት ናት፤ በምራቅ ነው የጠረግናት' ይላሉ። ዛሬ በር ላይ ተጯጯሁ። 'ፋሻዋን ካላስወጣህ በራዲዮ ወጥቼ አዋርድሃለሁ' አሏቸው።»

«አምበሉስ ምን መለሱ?»

«'ከመዋረድ ሞትህን ያሳየኝ' አሉ።» ወዲያው እጁን ወደ አፉ ወሰደ። «እንዲያው የሽማግሌ ቀልድ ነው።»

አቀማመጡን ደግሞ የፊልም አጫዋቿ ነገረቻት። ሟች ከአማቹ ጋር በመጨረሻው ረድፍ፣ አምበሉ ብቻውን መሃል፣ ዳይሬክተሩ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ።

«የኋላውን ረድፍ አላይም፤ ከመስታወቴ ሥር ነው» አለች። «የዳይሬክተሩን ጭንቅላት ግን ፊልሙን ሙሉ እንደ ጉቶ ሳየው ነበር። አልተነቃነቀም። ተጫዋች ሲቀየር በሚያሳየው ቦታ ላይ አንድ ሰው ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ሄደና አጠገቡ ተቀመጠ፤ ጥላው ስክሪኑ ላይ አርፎ ተሳድቤያለሁ። ትንሽ ቆይቶ መሃል የነበሩት ሽማግሌ ወደ ኋላ ሄዱ።»

ወደ ፊት የሄደው የሟች አማች፣ የልጁ ባል ነው። ሥራው የእግር ኳስ ዳኝነት ነው፤ በዚያው ሰሞን ዓለም አቀፍ ዳኛ እንዲሆን ታጭቷል። ጀርባውን አቅንቶ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አጭር መልስ ሰጣት።

«ለምን ቦታ ቀየሩ?»

«ከዘራው። ጆሮዬ ሥር ኳ! ኳ! ሲል መቻል አቃተኝ። ስነሳ ግን ደህና ነበሩ፤ ከመነሳቴ ትንሽ ቀደም ብሎ እንኳ መትተዋል። ሁሉም ሰምቷል።»

«ከዚያ በኋላ አጠገባቸው የሄደው አምበሉ ብቻ ነው።»

«እኔ ማንንም አልወነጅልም።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፤ «ባለቤቴ ግን ማወቅ አለባት። ደውዬ ያየሁትን ነግሬያታለሁ።»

አምበሉን መጨረሻ ላይ አገኘችው። ሰባውን ያለፈ፣ ትከሻው ዛሬም ሰፊ የሆነ ሰው ነው፤ የሬሳውን ጨርቅ እያየ ተቀምጧል።

«ለምን ወደ ኋላ ሄዱ፣ አባት?»

«ከዘራው ዝም ሲል ጊዜ ተኮራርፎ ነው ብዬ። አርባ ዓመት ሙሉ ሲያኮርፍ ሄጄ አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ተቀመጥኩ፤ አላናገረኝም። እኔም አላናገርኩትም።» ዓይኑን ጨፈነ። «ለካ ሬሳ ነው ያኮረፍኩት።»

አለቃዋ ከመምሸቱ በፊት ደወለላት። «ከዘራው ላይ እጁ አለ፣ ሲዝትበት ሰው ሰምቷል፣ መጨረሻ አጠገቡ የነበረው እሱ ነው። ነገ ረፋድ ላይ ፍርድ ቤት አቅርቢው። ምን ቀረሽ?»

«ገና ነው።»

«ገና ምኑ? ደክሞሻል እንዴ?»

«ደክሞኛል» አለች። እውነቷን ነበር። ግን ያ ሽማግሌ ፍርድ ቤት ከቆመ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እንደሚደራረብ ታውቃለች፤ በእሱ ዕድሜ ወህኒ ቤት ሆኖ ቀጠሮ መጠበቅ ራሱ ፍርድ ነው። አምበሉ ያችን ሌሊት ጣቢያ አደረ።

ጠዋት ወደ ፍርድ ቤት ከመውሰዷ በፊት በአንድ ፖሊስ አስጠብቃ ወደ አዳራሹ አመጣችው። የፊልም አጫዋቿ ፊልሙን ከመጀመሪያው አስነሳች፤ መርማሪዋ ደግሞ የዳይሬክተሩን የስልክ ቅጂ ከፊልሙ ጋር አስማምታ ከፈተች።

«እርስዎም እንደ እሳቸው ስህተቱን ይንገሩኝ» አለችው። «እኔ ስለ ኳስ የማውቀው ባሌ ሲናደድ ብቻ ነው።»

«እኔ ተይዤ ፊልም?» አለ አምበሉ። ሆኖም ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ብዙም አልቆየ። «ጓንት!» አለ። ከቅጂው ወዲያው ኳ! የሚል ድምፅ ተሰማ። «ሙጫው ጓንት አድርጎ አያውቅም። 'እጄን ይበልጥ አምነዋለሁ' ይል ነበር። ጣቱ ስንቴ ነው የተሰበረው!»

ኳስ ወጣችና ከመስመር ውጭ ሌላ ተወረወረች። «ምን አለበት?» ብላ ጠየቀች።

«ያኔ ኳስ አንድ ናት! ጥሻ ከገባች ደጋፊ፣ ተጫዋች፣ ሁሉም ወርዶ ይፈልጋታል።» ኳ! አለ ቅጂው።

«ያ ቢጫ የለበሰው ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አምበሉ።

«ዳኛው።»

«የማን ዳኛ? ያኔ ዳኛ ጥቁር ነው የሚለብሰው፤ የቤተሰብ ሐዘንተኛ ነበር የሚመስለው።» ኳ! አምበሉ ሳያስበው ፈገግ አለ። «ሰማሽው? እሱም ይሄንን ነው ያለው።»

የተጫዋቾቹ ስም ማሊያቸው ጀርባ ላይ ተጽፎ ሲታይ ሁለቱ፣ ሟቹና ሕያው፣ እኩል ተቃወሙ። ከዚያ የአቻነቷ ጎል ገባች። ሙሉ ስታዲየም ጮኸ፤ ጩኸቱ አዳራሹን ነቀነቀው፤ ተጫዋቾቹ ሲተቃቀፉ፣ ሲወድቁ፣ ሲነሱ ረጅም ጊዜ ሳይበርድ ቆየ። መርማሪዋ የወንበሯን ክንድ ይዛ ያንን ጩኸት እስኪያልቅ ጠበቀችው።

ጨዋታው ቀጠለ። አንድ ተከላካይ ሲጨንቀው ኳሷን በእግሩ ወደ ራሱ በረኛ መለሳት። በረኛው ጎንበስ ብሎ በእጁ አነሳት።

ኳ! ኳ!

አምበሉ ዝም አለ። መርማሪዋ ፊልሙን አስቆመች። «እዚህ ምኑ ነው ስህተቱ?»

«እኔ እንጃ።» ፊቱን አኮሳተረ። «ዛሬ ቢሆን ያስቀጣል። በእግሩ የመለሰለትን በእጁ መያዝ አይችልም። ያኔ ግን እንደ ልብ ነበር። እንዲያውም ሙጫው በዚህች ዘዴ ሰዓት ማባከን ይወድ ነበር፤ ኳሷን አስመልሶ አቅፎ ቆሞ፣ ሰው ሲሰድበው እየሳቀ። አንተ እኮ ነህ እንዲህ የምታደርገው፤ ምን ነካህ?» ይሄን ያለው ወደ ኋለኛው ረድፍ ነው።

«ይቀጥል» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

ቀጥሎ ተጫዋች ሊቀየር ነው። ከመስመሩ ዳር አንድ ሰው በመብራት ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ወደ ላይ አነሳ። አምበሉ ከወንበሩ ሊዘል ምንም አልቀረው።

«ኧረ በሕግ! መብራት? ያኔ እኮ ስታዲየሙ ራሱ መብራት የለውም! ቁጥር በቀለም የተጻፈበት ጣውላ ነበር፤ እሱም ከተገኘ።»

ከቅጂው ምንም አልተሰማም። መርማሪዋ ወደ ኋላ መልሳ አሰማችው። አሁንም ዝም።

«ይሄን አይቶ ሳይመታ ይቀራል?» አለች።

«እሱ? ይሄን? ወለሉን ይበሳው ነበር።»

መርማሪዋ ጣቶቿን ዓይኖቿ ላይ ጫነች። «ሰሞኑን ሌላ ያስጨነቀው ነገር ነበር?»

«እንቅልፍ አጥቶ ነበር። አማቹ ያጫወተውን አንድ ጨዋታ ደጋግሞ ሲያይ አገኘዋለሁ። ምን ሆነሃል ስለው፣ 'ጆሮዬንና ዓይኔን ማስታረቅ አቃተኝ' ይላል። አርጅቷል ብዬ ተውኩት።»

መርማሪዋ ያንን ጨዋታ አስፈልጋ በስልኳ አየችው። ብዙ ጊዜ አልወሰደባትም። ከዚያ አለቃዋ ጋ ደውላ ፍርድ ቤቱ ጥቂት እንዲጠብቅ ለመነች፤ ልመናው ከምርመራው ይልቅ አደከማት።

ረፋዱ ላይ ሁሉም እዚያው አዳራሽ ተሰበሰቡ። መብራቱ በርቷል። የሟች አማች፣ ዳኛው፣ ሰዓቱን አየት አደረገ።

«ባለቤቴ ብቻዋን ናት። ይሄ ሰውዬ ለምን አሁንም እዚህ እንዳለ አልገባኝም።»

«ይገባሃል» አለች መርማሪዋ። ትናንት «እርስዎ» ስትለው ነበር፤ ለውጡን ዳይሬክተሩ ልብ አለ። «ሁላችንም አንድ ነገር አምነን ነው የጀመርነው። ከዘራው እስከመታ ድረስ ሙጫው በሕይወት ነበሩ ብለናል። አንተ የተነሳኸው ከዘራው ከመታ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ስለዚህ ደህና ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሄዱት አምበሉ ናቸው፤ ስለዚህ ገዳዩ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ነው ነገሩ የተሰራው። እኔ ግን ከዘራውን ማን እንደመታው አየሁ የሚል ሰው አላገኘሁም።»

«ማን ይመታዋል ሌላ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ተከላካዩ ኳስ ወደ በረኛው መልሶ፣ በረኛው በእጁ የያዛት ትዕይንት ከየት መጣ?»

«ከራሳቸው ከጋሽ ሙጫው! ድርሰቱ ውስጥ አልነበረም። ሜዳ ድረስ መጥተው፣ ለተዋናዩ እንዴት እንደሚያቅፋት አሳይተው ያስገቡት እሳቸው ናቸው። 'ይቺ ከሌለች እኔ የለሁበትም' ብለውኛል።»

«ፊልሙ ውስጥ ሙጫው ራሳቸው ቆመው ያስቀረጹት ትዕይንት ይሄ ነው። ከዘራው ደግሞ እዚያ ላይ ሁለት ጊዜ መታ። ቀጥሎ የበራው ሰሌዳ ሲመጣ፣ አምበሉን ከወንበራቸው ያስነሳው ቅጥፈት ሲመጣ፣ ዝም አለ። ልክ የሆነውን ስህተት ብሎ፣ ስህተቱን ልክ ብሎ ያለፈ ከዘራ የሙጫው አይደለም። ያን ጊዜ ሙጫው ሞተዋል። የሞቱት ከማሊያው ስም በኋላ፣ በጎሉ ጩኸት ውስጥ ነው።»

የፊልም አጫዋቿ «ጉድ!» አለች ቀስ ብላ።

«ታዲያ ማን መታው? አንቺ ክፍልሽ በሌላ ኮሪደር ነው። ዳይሬክተሩ ከፊት አልተነቃነቀም፤ ትዕይንቱን የቀረጸውም ራሱ ስለሆነ ስህተት ነው አይልም። አምበሉ ያኔ መሃል ነበሩ፤ ደግሞም ያንን ጨዋታ የተጫወተ ሰው እንዲህ አይስትም። የመታው የዛሬን ኳስ እንጂ የያኔውን በአካል የማያውቅ ሰው ነው። የበራ ሰሌዳ ከመስመር ዳር ሲነሳ ስህተት ሆኖ የማይታየው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚያየው ነው። በረኛ የተመለሰለትን ኳስ በእጁ ሲያነሳ ግን ደሙ የሚፈላ ሰው።»

ዳኛው ሳቀ፤ ሳቁ አላማረበትም። «ሕጉ መቼ እንደተቀየረ አውቃለሁ። ስልጠና ላይ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ወድቄ አላውቅም።»

«አልጠራጠርም። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ብጠይቅህ ትመልስልኛለህ። ግን ያኔ የሰው ከዘራ ይዘህ፣ አጠገብህ ሬሳ አስቀምጠህ፣ ጨለማ ውስጥ አንድ ስህተት እስኪመጣ ትጠብቅ ነበር። ዕድሜህን ሙሉ ያንን ጥፋት ስታይ ፊሽካ ነው የምትነፋው። የመለሰው ጭንቅላትህ አይደለም። እጅህ ነው።»

ዳኛው ቀኝ እጁን አየው። ወዲያው ወደ ኪሱ ከተተው።

«ምክንያት የለኝም» አለ።

«ያጫወትከውን ጨዋታ አይቼዋለሁ። ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥተሃል። አጥቂው ከመውደቁ በፊት ፊሽካህ ተነፍቷል። ትንሽ ነው የቀደመው፤ ሰው ሁሉ የሚወድቀውን እንጂ የሚነፋውን ስለማያይ አመለጠ። አማትህ ግን ስህተት ሲያዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እንደሚወድቅ አስቀድመህ ታውቅ ነበር፤ ጨዋታው ተሸጦ ነበር።»

ዳኛው ሲናገር ማንንም አላየም።

«ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ነው የነገሩኝ። 'ይሄ እንዳለቀ ፌዴሬሽን እሄዳለሁ' አሉኝ። እንደ ተራ ነገር። ኳ! አድርገው መቱና፣ 'ማሊያ ላይ ስም፣ እይማ!' አሉኝ ደግሞ። ለመንኳቸው። ስለ ልጅዎ ብዬ ለመንኳቸው። 'ለሷ ብዬ ነው' አሉ።»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አስነሳው። ሲያልፍ አምበሉ እግሩን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀለት። የሰደበው፣ የነካው የለም።

ሁሉም ከወጡ በኋላ አምበሉ እዚያው ቀረ።

«ነጻ ነዎት እኮ፣ አባት» አለችው መርማሪዋ። «ቤትዎ ይሂዱ። ትንሽ ይተኙ።»

«ለልጅቷ ማን ይነግራታል?»

«እኔ። ሥራዬ ነው።»

«ባሏ ደውሎ አባትሽን የገደለው አምበሉ ነው ብሏታል አይደል? እስካሁን እኔ ነኝ ገዳዩ፤ እሷ ዘንድ።» ተነሳ፤ ጉልበቱ ተንቋቋ። «አብሬሽ እሄዳለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከማታውቀው ሰው አትስማ።»

በመኪና ሄዱ። መርማሪዋ በመንገዱ ሁሉ የምትጀምርበትን ቃል ስትፈልግ ቆየች፤ ስንት ዓመት ስትፈልገው ኖራ አግኝታው አታውቅም።

በሩን የከፈተችው ልጅቷ ራሷ ናት። ጥቁር ለብሳለች። አምበሉን ስታይ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሼ» ስትለው፣ ብድግ ስትልለት የኖረች ልጅ፣ «አንተን ለቀቁህ?» አለችው።

«ለቀቁኝ፣ ልጄ።»

በትከሻው ላይ አሻግራ ወደ መኪናው አየች፤ ከዚያ ወደ መርማሪዋ፤ እንደገና ወደ መኪናው።

«ባሌስ? እናንተ ጋ ነው የምሄደው ብሎ እኮ ነው የወጣው።»

«ግቢ» አላት አምበሉ። «መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም።»

አምበሉ ኮፍያውን አወለቀ፤ ደጃፉ ላይ እንደቆመ፣ ቆማ ሳለች ነገራት።